አሞሌ ለዓሣ

ደባርቅ ላይ «ሐመልማል የት ናት?» ብትሉ ግማሹ ሰው አያውቀኝም። «ለዓሣ አሞሌ ያላሰችው ሴትዮ» ካላችሁ ግን ሕፃኑም ሽማግሌውም እጃችሁን ይዞ ደጄ ድረስ ያመጣችኋል። ይበሉኝ፤ የሰው አፍ በምን ይታሰራል? እኔም ጊዜ ሳገኝ ሰው አምቼ አውቃለሁ። የሚያበግነኝ ነገሩን ከወገቡ ቆርጠው ማውራታቸው ነው። ዓሦቹ እንዴት እንደሞቱ ይተርካሉ እንጂ ለማን እንደመጡ የሚያነሳ የለም። ስለዚህ እኔው ልንገራችሁ።

የቄስ ወልደ ሩፋኤል ልጅ ነኝ። በሽሬ መንገድ ዳር አራት አልጋ ያላት ማረፊያ ቤት አለችኝ፤ ተራራ ለመውጣት የመጣ ሰው አንድ ቀን ያድርባትና ይሄዳል። ባሌ ከሞተ ሰባት ዓመት አለፈው። ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር፤ ይህ ወሬ ግን የሱ አይደለም፤ የሸጋው ነው።

የተወለድኩት ከዳባት ወረድ ብላ ባለች መንደር ነው። በመንደሯ መሀል አንድ ወንዝ ያልፋል። ወንዝ ማለቴ ክረምት ሲሆን ነው፤ በጋማ ፍየል ጉልበቷን ሳታረጥብ ትሻገረዋለች። ከወዲህ እኛ ክርስቲያኖቹ ነበርን፣ ከወዲያ ቤተ እስራኤሎቹ። ያኔ በሌላ ስም ነበር የምንጠራቸው፤ ዛሬ አፌ አይለውም። የሸጋው እናት እትዬ ባንቻየሁ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የኛ ቤት ጋኑም እንስራውም ድስቱም ከሳቸው እጅ የወጣ ነው።

ሥርዓቱን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። እነሱ እኛን አይነኩም ነበር። ከነኩን ደግሞ ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ቤታቸው አይገቡም። እኛ ያረድነውን አይበሉም፣ እኛ ያበሰልነውን አይቀምሱም። እኛም የነሱን እርድ ብንበላ አባቴ ራሳቸው ነበሩ ንስሐ የሚሰጡን። በነሱ ላይ የምናወራው ክፉ ወሬ ብዙ ነበር፤ ይህን አልክድም። የመብሉ አጥር ግን የሁለታችንም ነበር፤ እነሱ ከወዲያ ያጥሩታል፣ እኛ ከወዲህ።

እኔና ሸጋው በዚያ ወንዝ ግራና ቀኝ አደግን። እኔ ውሃ ልቀዳ እወርዳለሁ፣ እሱ ለእናቱ ጭቃ ሊያመጣ ይወርዳል። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ውሃ የምቀዳበት ሰዓት እሱ ጭቃ ከሚቆፍርበት ሰዓት ጋር መግጠም ጀመረ፤ እንዴት እንደገጠመ አትጠይቁኝ። እሱ ከወዲያ ሆኖ ያሾፍብኛል፣ እኔ ከወዲህ ሆኜ እሰድበዋለሁ። ቁጡ ነኝ፤ ያኔም ቁጡ ነበርኩ። እሱ ደግሞ ስቆጣ ማየት ይወድ ነበር። የሚያገናኘን እሸት ብቻ ነው፤ እሳት ያልነካው ነገር አይከለከልም። የባቄላ እሸት ከነሥሩ ነቅዬ ወንዙ መሀል ካለው ድንጋይ ላይ አኖርለታለሁ፣ እኔ ዞር ስል መጥቶ ያነሳል።

አንድ ቀን ትኩስ የገብስ ቆሎ ይዤ ወረድኩ። እጄን ሙሉ ዘግኜ ዘረጋሁለት። ሥርዓቱን ረስቼው ነው፤ ወይም አልረሳሁትም፣ እኔ እንጃ። ቆሎውን አየ። ዞሮ የእናቱን ቤት አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ «አንቺ ብዪልኝ» አለኝ። ፊት ለፊቱ ቆሜ ያንን ሁሉ ቆሎ ቆረጠምኩት። ጨርሼ እስክውጥ ድረስ ዓይኑን ከፊቴ አላነሳም። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም፤ እንደዚያም የመረረኝ የለም። የሚገርመው እስከ ዛሬ ያንን ቀን ሳስብ ሆዴ ይባባል እንጂ አላፍርም።

በሰማንያ ሁለት መጨረሻ ቤታቸውን ዘግተው፣ ከብታቸውን ሸጠው አዲስ አበባ ሄዱ። አልተሰናበተኝም፤ በሄዱበት ቀን ዳባት ገበያ ነበርኩ። ስመለስ ከወንዙ ማዶ ጭስ የለም። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት በአውሮፕላን ተጭነው እስራኤል መግባታቸውን በሬዲዮ ሰማን። አባቴ «እግዜር ያግባቸው» ብለው አማተቡ። እኔ እንስራዬን ይዤ ወንዝ ወረድኩ፤ ሳልቀዳም ተመለስኩ። ከዚያማ ዳሩኝ፣ ወለድኩ፣ ልጄም ባሕር ዳር አግብታ ወጣች። ኑሮ አይቆምም።

የዛሬ ስድስት ዓመት ግድም አገሩን ሊያይ የመጣ አንድ ዘመዳቸው ቤቴ አደረና ስልክ ቁጥሬን ይዞ ሄደ። በሳምንቱ በኢሞ ተደወለ። ሳነሳው አንድ መላጣ ሰውዬ ዓይኖቹን አጥብቦ ያየኛል። ሳቁን ባልሰማ ኖሮ አላውቀውም ነበር። አግብቷል፣ ሦስት ወልዷል፤ ሥራው ባሕር ዳርቻ ነው፤ ባሕሩ ውስጥ መረብ ዘርግተው ዓሣ እንደ በግ ያረባሉ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በሦስት በአራት ወር አንዴ ይደውላል። የሚያወራውም ምንድን ነው? ዓሣ! ይህን ሁሉ ዓመት ልቤ ሲንጠለጠል ኖሮ ስለ ዓሣ መኖና ቅርፊት ልስማ? እናደድና እዘጋበታለሁ፤ ከዘጋሁ በኋላ ደግሞ ስልኩን አቅፌ እቀመጣለሁ።

አንድ ጊዜ የባሕር ዓሣ ውሃ ውስጥ እየኖረ እንደሚጠማው ነገረኝ። መቼም ጉድ ሳይሰማ አይታደርም። ባሕሩ ከዓሣው ደም ይበልጥ ጨዋማ ስለሆነ ውሃውን ከሰውነቱ እየሳበ ያደርቀዋል አለኝ። ዓሣውም እንዳይደርቅ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ጨው ውሃ ይጠጣል፤ ጨዉን በሆዱ አያስቀረውም፣ ከጉንጩ ሥር ባለው ቀይ መተንፈሻ መልሶ ይተፋዋል። ሌላም ብዙ አለኝ። እኔ ከሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓሣና ጨው ይስማማሉ የሚለውን።

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት፣ ጦርነቱ አልፎ መንገዱ ጸጥ ባለ ጊዜ፣ ልጆቹን አስከትሎ ከቡድን ጋር እንደሚመጣ ነገረኝ። መንደራችንን ያሳያቸዋል፣ ከዚያ ወደ ፓርኩ ሲወጡ ሐሙስ ደባርቅ ላይ ይቆማሉ። ቲኬትና ጠባቂ እስኪጨርሱ አንድ ሰዓት ተኩል ያገኛል። አንድ ሰዓት ተኩል! ለሠላሳ ሁለት ዓመት። ይሁን አልኩ። ስልኩን ስዘጋ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ መሆኑ ገባኝ። ከዚህ ሰው ጋር ከአንድ ገበታ መቁረስ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ እግዜር ያውቃል።

ግን ምን እንብላ? በግ ባርድ የክርስቲያን እርድ ነው። ዶሮም ያው ነው። ወጥ ብሠራ የኔ እጅ ነው። ሳሰላስል ከርሜ ዓሣ ትዝ አለኝ። ዓሣ አይታረድም፤ የማንም ስም አይጠራበትም፤ ከውሃ ሲወጣ በራሱ ይሞታል። አባቴ ኦሪት ሲያነቡ ክንፍና ቅርፊት ያለው ንጹሕ ነው የሚለውን ሰምቼዋለሁ፤ የሱም መጽሐፍ የኔም መጽሐፍ እዚያ ላይ አይጣሉም። የሰው እጅ ያልነካው አዲስ መጥበሻ እገዛለሁ፣ በራሱ እጅ ይጠብሰዋል፣ እኔ ደግሞ እሱ ከጠበሰው እበላለሁ። በቃ፣ አጥሩን ሳላፈርስ የማልፍበት መግቢያ አገኘሁ። ለሱ ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ ሲመጣ ይየው ብዬ።

ጎረቤቴ በለጠች ስትሰማ በሳቅ ወደቀች። ደባርቅ ላይ ማን ዓሣ በልቶ ያውቃል፣ ሽሮ ብታቀርቢለት ምን ይሆናል፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር አለችኝ። አልሰማኋትም። የጎንደሩ ዓሣ በአውቶቡስ ሲመጣ ሽታው ቀድሞ ይደርሳል። ለሱ ሕይወት ያለው ዓሣ ነበር የፈለግሁት። ዳባት ደግሞ ሴቶች ተደራጅተው የሚያረቡበት ኩሬ እንዳለ አውቅ ነበር። ማክሰኞ በጠዋት ባዶ በርሜል በአይሱዙ አስጭኜ ሄድኩ።

አንዱዓለም የሚባል ወጣት የዓሣ ባለሙያ አለ። ኩሬው ውስጥ ገብቶ ስድስት ወፋፍራም ካርፕ በመረብ አወጣልኝ። ብርድ የሚችል ዓሣ ነው አለ። ሁለት ቀን በርሜል ውስጥ ማቆየት እንደምፈልግ ስነግረው አሰብ አደረገና መከረኝ፤ አያብሏቸው፣ ግማሹን ውሃ ጠዋትና ማታ ይለውጡ፣ ሲጨምሩ ከፍ አድርገው ያንቆርቁሩት፣ ኦክስጅን ያገኛሉ አለኝ። መኪናው ሊነሳ ሲል ደግሞ ሮጦ መጣና በመስኮቱ በኩል «እትዬ፣ መንገዱ ካደከማቸው ትንሽ ጨው ጣል ያድርጉበት፤ ያበረታቸዋል» አለኝ። ስንት ብዬ አልጠየቅሁም። ደግሞ ለጨው፤ እኔ ከብት አርቢ ቤት ነው ያደግሁት።

ረቡዕ ውዬ ማታ ሳያቸው ዓሦቼ ከበርሜሉ ሥር ተኝተዋል። አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፣ ሌላ እንቅስቃሴ የለም። ነገ ሰውዬው ሲመጣ የደከመ ዓሣ ላሳየው? ጨው አነሳቸው አልኩ። ላም እንዲህ ስትዝል ምን ይደረግላታል? አሞሌ ይቀርብላታል። ልሳ ልሳ ሲበቃት ትተወዋለች፣ በማግሥቱ ፀጉሯ ሁሉ ያብረቀርቃል። ዓሣም ፍጥረት ነው፤ ሲበቃው ይተወዋል። ከገበያ የገዛሁት አንድ ሙሉ አሞሌ ነበረኝ። አጥቤ፣ በርሜሉ ሥር አቁሜ አስቀመጥኩላቸው። «አንተ ጨው፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» አልኩት ደግሞ፤ ምን ያስተርተኛል። እየላሱ ይደሩ ብዬ ክዳኑን ገርበብ አድርጌ ገባሁ።

ሐሙስ ጠዋት ክዳኑን ሳነሳ ስድስቱም ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ዓይናቸው ፈዝዟል። አሞሌው የለም፤ ሟሙቶ አልቋል። እጄን ከትቼ አንዱን ነካሁት፤ ደረቀብኝ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ለአንዱዓለም ደወልኩለትና በደሌን ሁሉ በሱ ላይ አፈሰስኩት። ልጁ ታግሶ ሰማኝ። ስጨርስ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር እኮ ያልኩዎት አለኝ። እኔ አራት ኪሎ ነው ያገባሁት። በለጠች በአጥር አሻግራ ስታይ ቆይታ ከመጠምጠም መማር ይቅደም አለችና፣ ቆይታ ደግሞ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ለምን አትጠብሺውም፣ በምን ያውቃል አለችኝ። ሞቶ ያደረ ዓሣ ለሸጋው! ምን እንዳልኳት አልነግራችሁም፤ እስከ ፋሲካ አኩርፋኝ ነበር።

ቤቱን ቆልፌ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ልደበቅ ነጠላዬን ሳነሳ አውቶቡሱ ከደጄ ፊት ለፊት ቆመ። አንድ ሰዓት ቀድሞ።

መጀመሪያ ያየሁት ጫማውን ነው። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ርሷል። በእጁ የላስቲክ ጠርሙስ ይዟል፣ ውስጡ ትንሽ የደፈረሰ ውሃ አለ። በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ከዚያ መጣና እጄን ያዘኝ፣ ጉንጬን ሳመኝ። ሳመኝ ነው የምላችሁ! በሕይወቴ ሙሉ በዚህ ሰው እና በኔ መሀል ውሃ ነበር። መንካቱ ከተማ ያመጣው ነው፣ የመብሉ ግን ሌላ ነው አልኩ በሆዴ፤ እናቱ እትዬ ባንቻየሁ ናቸው እኮ፣ ለሥርዓታቸው አንገታቸውን የሚሰጡ።

ከወንዛችን እየመጣ መሆኑን ነገረኝ። ልጆቹ ጥቂት ፎቶ አንስተው መኪና ገቡ፤ እሱ ግን ወንዙ ውስጥ ገብቶ ቆመ፣ ውሃውንም ቀዳ። ሚስቱ ጉልበቷን ስለሚያማት አልመጣችም፤ ልጆቹ ከቡድኑ ጋር ወደ ቲኬቱ ቢሮ አልፈዋል። እያወራ ዓይኑ በርሜሉ ላይ አረፈ። የዓሣ ሰው አይደል፣ ሽታው ጠራው። ሄዶ ጎንበስ አለ። ከዚያ ጣቱን ነከረና ቀመሰው። ፊቱን ሳየው የምገባበት ጠፋኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። ኩሬውን፣ አይሱዙውን፣ አዲሱን መጥበሻ፣ አሞሌውን። ቶሎ ቶሎ ነበር የማወራው፤ ስቆጣ እንደማደርገው፣ በራሴ ላይ እየተቆጣሁ። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀም።

«ላምማ ልሳ ትሄዳለች» አለኝ፤ «ዓሣ ወዴት ይሂድ?»

በርሜሉ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀምጦ እንደ ድሮው በእጁ እያሳየ አስረዳኝ። የኩሬና የወንዝ ዓሣ ሌላ ነው። ውሃ አይጠጣም። ጨዉ በሱ ደም ውስጥ ነው ያለው፣ በውሃው ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ውሃው ማንም ሳይጠራው በመተንፈሻው በኩል ወደ ውስጡ ይገባል። የሱ ጭንቀት እንዳይጠማው አይደለም፣ እንዳያብጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ይሸናል። ያቺን ያለችውን ጨው አጥብቆ ይይዛል፣ የጎደለውን ደግሞ በዚያው በመተንፈሻው ከውሃው ቅንጣት ቅንጣት እየለቀመ ይሞላል። ለደከመ ዓሣ ትንሽ ጨው ቢጣልለት ለቀማው ይቀልለታል፤ ባለሙያው ልክ ነው። ሲበዛበት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ውሃው ከሰውነቱ መውጣት ይጀምራል። የባሕር ዓሣ ቢሆን ይጠጣ ነበር፤ ይህ ግን መጠጣትንም ጨው መትፋትንም አያውቅም። «ውሃ መሀል ሆኖ ይደርቃል» አለኝ።

ስድስቱንም አየኋቸው። ሌሊቱን ሙሉ በጥም ነው የሞቱት፣ እኔ ደግሞ እያጎረስኳቸው መስሎኝ ተኝቻለሁ። ምንም መዳኛ የለውም ወይ አልኩት። የሚለምድ ዘር አለ አለኝ፤ ዛሬ ትንሽ ጨው፣ ነገ ትንሽ፣ እንዲህ እያሉ ሁለት ሳምንት ቢያቆዩት ሰውነቱ ራሱን ይቀይራል፣ ባሕር ውስጥ ይኖራል። ዋናው መቸኮል የለም አለ።

«እናንተን ስንት ቀን አስለመዷችሁ?» አልኩት። አስቤበት አይደለም፤ ከአፌ ወጣ።

የጠርሙሱን ክዳን ከፈተ። ያንን የደፈረሰ ውሃ አንድ ጊዜ ተጎነጨ። «ጠዋት ተሳፈርን፣ ከሰዓት ደረስን» አለኝ። እዚያ ሲጠጣ እንደኖረ፣ ጥሙ ግን አልቆርጥ እንዳለው ነገረኝ፤ ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ። እኔም አለቀስኩ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች የሞተ ዓሣ ከበን ተላቀስን፤ በለጠች በአጥሩ ቀዳዳ ስታይ ዓሦቹን የምናለቅስላቸው መስሏት ነው ያንን ሁሉ ወሬ የነዛችው።

ሰዓቱን ሲያይ አርባ ደቂቃ ነበር የቀረው። ዓይኑን ጠረገና ምሳ የለሽም ወይ አለኝ። ለሱ የሚሆን ምንም እንደሌለ፣ ዓሣው ብቻ እንደነበር፣ እሱንም እንደገደልኩት ነገርኩት። መሶቡን አየት አድርጎ እዚያ ውስጥስ ምን አለ አለኝ። ትናንት ረቡዕ የጾምኩበት የምስር ወጥ ተርፏል፤ ለእንግዳ አይቀርብም፣ ያውም ቀዝቅዟል። አምጪው አለኝ።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። የረሳ መስሎኝ፣ እንዳይሳሳትብኝ ብዬ፣ «ሸጋው፣ በኔ እጅ የተሠራ ነው እኮ» አልኩት።

መሬት መሬት እያየ መለሰልኝ። «ሐመልማል፣ በመሥሪያ ቤታችን ምሳ ላይ የሩሲያውን እጅ በልቻለሁ፣ የአረቡን በልቻለሁ፣ የታይላንዱን በልቻለሁ። የዓለሙን ሁሉ እጅ በልቻለሁ። የቀረኝ ያንቺ ብቻ ነው።»

ደስ ያለኝ መስሏችሁ ይሆናል። እሳት ነው የሆንኩት። ከመቼ ጀምሮ አልኩት። እናቱ እስካሉ ድረስ እንደጠበቀ፣ እሳቸው ከሞቱ ጀምሮ እንደተወው ነገረኝ። መቼ ሞቱ ስለው ሃያ አራት ዓመት አለኝ። ሃያ አራት! ሞታቸውን አውቅ ነበር፤ ዓመቱን ግን ጠይቄው አላውቅም። እኔ እዚህ ተቀምጬ የሱን አጥር እጠብቃለሁ፣ እንዳይረክስብኝ መጥበሻ እገዛለሁ፣ ፍጥረት እገድላለሁ፣ እሱ ለካ አጥሩን አፍርሶ ከማንም ጋር ሲበላ ኖሯል። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ዓሣ ስታወራኝ ይህቺን አንዲት ነገር መንገር አቃተህ ወይ ብዬ ጮህኩበት። አልተቆጣም። ስቆጣ ማየት ይወድ እንደነበር ነግሬያችኋለሁ፤ ያን ቀን ግን አልወደደውም።

«ብነግርሽስ ምን ታደርጊው ነበር?» አለኝ።

ሚስት ነበረችው፣ ልጆች ነበሩት፣ በመሀላችን ባሕር ነበር። ብሰማ ኖሮ ጥሬ የሆነ ናፍቆት ይበስልብኝ ነበር እንጂ ምን አደርገው ነበር።

ምስሩን አሞቅሁት። እጁን አስታጠብኩት፤ ሲታጠብ ጣቶቹን ሳያቸው ጨው በልቷቸው ተሰነጣጥቀዋል። ገበታውን በመሀላችን አደረግሁና ተቀመጥን። እሱ በላ፣ እኔም በላሁ። እጃችን ገበታው ላይ አንድ ሁለቴ ተነካካ፣ ማንም ወንዝ አልወረደም። በርበሬው በዛ አለኝ፤ ድሮም የሰው ነገር ማጣጣል ትወዳለህ አልኩት። ሌላ ብዙ አላወራንም። እኔ እያንዳንዷን ጉርሻ ቀስ ብዬ አላመጥኳት።

ውጭ ክላክስ ተነፋ። ገበታው ላይ አንዲት ጉርሻ የምትሆን ቀርታለች። እሱ ለኔ ተዋት፣ እኔ ለሱ ተውኳት። ሁለተኛ ሲነፋ ተነሳ። በሩ ላይ ግንባሬን ሳመኝና ወደ መኪናው ሄደ። አውቶቡሱ ወደ ተራራው ሲዞር ልጆቹ በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡልኝ፤ እኔም አውለበለብኩላቸው። ከዚያ ዓሦቹን ከጓሮ ቆፍሬ ቀበርኳቸው።

አሁንም ይደውላል። ስለ ዓሣ ያወራኛል፣ እኔም እሰማዋለሁ፤ አሁን አልዘጋበትም። እስከዚያ ድረስ ሸጋውን ነበር የምናፍቀው፤ እሱን ለምጄው ነበር። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ግን የሚናፍቀኝ ሌላ ሆኗል። ማንም የማይከለክለን፣ አጥሩ መፍረሱን ሳላውቅ ያለፈኝ የሃያ አራት ዓመት ምሳ ነው የሚናፍቀኝ።